ብሸነፍ ግድ የለኝም፣ በፊደል ግን አትሸውዱኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ኑሮ ውድነት ልጽፍላችሁ አይደለም። እሱን የሚጽፍላችሁ ሞልቷል። የእኔ ጉዳይ ክሮስወርዱ ነው፤ ያ ፍንጭ እያነበብን ቃል በሳጥን የምንሞላበት ጨዋታ። ባለቤቴ "ለዚህም ደብዳቤ ይጻፋል?" ብሎ ስቆብኛል። በደንብ ይጻፋል እንጂ! ጋዜጣችሁን ከኋላ ገልጦ የሚጀምር አንባቢ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እናንተም ታውቃላችሁ። ዜናውን ሬዲዮው ቀድሞ ነግሮናል። ያንን ባዶ ሰንጠረዥ ግን ማንም ቀድሞ አይሞላልንም።

ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ትልልቅ ሰንጠረዥ በእጃችን እንሠራ ነበር። ወደ ታች ይደመራል፣ ወደ ጎን ይደመራል። ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ድምሮች እኩል ካልመጡ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ክሮስወርድም ለእኔ እንደዚያው ነው። ወደ ጎን የሞላሁትን ቃል ወደ ታች የሚወርደው ቃል ወይ ይመሰክርለታል፣ ወይ ያጋልጠዋል። አለቃ መጠየቅ የለ፣ ይግባኝ ማለት የለ። ወረቀቱ ራሱ ይነግረኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በቅርቡ ካወጣችኋቸው በአንዱ ላይ "እግር እያለው የማይሄድ" የሚል ፍንጭ ነበር። አራት ሳጥን። ወዲያው ጠረጴዛ አልኩ። አራት ፊደል ነው፣ ልክክ ይላል። ግን ወንበርም አራት ፊደል ነው። ወንበርም እግር አለው፣ ወንበርም አይሄድም። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ሁለቱንም ዳር ላይ በእርሳስ በትንሹ እጽፋቸውና አልፋለሁ። ከሦስተኛው ሳጥን ወደ ታች የሚወርደው ቃል ፍንጩ "ከሰማይ የሚወርድ ጠጣር ውሃ" ይላል፤ ሦስት ሳጥን። በረዶ! ጠረጴዛ እዚያው ላይ አለቀለት። በ ገብታ ወንበሩን አስቀመጠችው። ይቺን የምታህል ነገር ናት እንግዲህ እኔን ብቻዬን ፈገግ የምታሰኘኝ። "ምን አገኘሽ?" ይለኛል ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ። "ወንበር" እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል።

በእኛ ፊደል ክሮስወርድ መሥራት ከፈረንጆቹ የተለየ ጣዕም አለው። በላቲን ፊደል የሚሠራ ሰው ከተሻጋሪው ቃል የሚያገኘው አንዲት ተነባቢ ወይም አንዲት አናባቢ ናት። እኛ አንድ ሳጥን ስናገኝ ሁለቱንም በአንዴ እናገኛለን። በ ከሆነች በ ናት፤ ቡም አይደለች፣ ባም አይደለች። ይህ ለፈቺው ትልቅ እርዳታ ነው። ለአዘጋጁ ግን መከራ ነው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፤ ዲቃላዎቹን እነ ቋንና ጓን ሳንቆጥር። ሁለት ቃላት አንድ ሳጥን ላይ እንዲገናኙ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ፊደል፣ ያውም አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ መገጣጠም አለባቸው። ስለዚህ በሰንጠረዣችሁ ላይ ጥቁር ሳጥን በዛ ብለው የሚያጉረመርሙትን አልቀላቀልም። አዘጋጁ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። እኔም አንዴ ልሠራ ሞክሬ አምስት በአምስት ሳይሞላልኝ ላጲሴ አልቋል።

ደግሞ ጭራሽ የማላውቀው ነገር ሲመጣብኝ አልናደድም። ባለማወቄ ሳልሞላው የቀረ ባዶ ሳጥን ለሳምንቱ የቤት ሥራዬ ነው። አውቄ የጠፋብኝ ነገር ነው የሚያበግነኝ። "የሟች ንብረት የሚያገኝ"፤ ሦስት ሳጥን። ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ፋይል ላይ እንደጻፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ምሽት ግን ድርግም አለብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ አይወጣም። ተካፋይ እላለሁ፣ አራት ይሆናል። ቤተሰብ እላለሁ፣ እሱም አራት ነው፣ ደግሞም መልስ አይደለም። ጋዜጣውን አጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ጥርሴን እያፋቅሁ፣ ስለ ምንም ሳላስብ፣ "ወራሽ" ብሎ መጣ። እንዲህ ነው ሁልጊዜ። ቁጭ ብለው ሲያስጨንቁት አይመጣም፤ ሲተዉት ራሱ ይመጣል። ክሮስወርድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሲጨንቀው ትቶ ተነስቶ ዕቃ የሚያጥበውም ለዚያ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ሰምና ወርቅ የሚመስለውን ፍንጭ ነው። አዘጋጃችሁ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ ሲበረታ ይበረታል። "ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ" የሚል ፍንጭ አውጥቶ ነበር። ሁለት ሳጥን ብቻ። ሁለት ሳጥን ሲሆን ሰው ይንቃል። እኔም ንቄ አልፌው ሄድኩ፤ ሌላውን ሁሉ ጨርሼ ስመለስ እዚያው ተገትሮ ጠበቀኝ። ዓሣ? ጀልባ? አይሆንም። የሚላላና የሚጠብቅ ነገር ሲል ስለ ገመድ እያሰብኩ ብዙ ቆየሁ። ለካ ስለ አነባበብ ነው የሚያወራው! ዋና ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው። ዋና ሲጠብቅ ዋናው፣ አለቃው፣ ከሁሉ በላይ ያለው ነው። ፊደላችን መላላትና መጥበቅን ምልክት አድርጎ ስለማያሳይ ስንቸገር እንኖራለን። ይህ ሰው ያንን ችግር ይዞ ጨዋታ አደረገው። ለዚያች ፍንጭ ብቻ ስሙ ከታች ሊጻፍለት ይገባ ነበር። አልተጻፈም። ለምን እንደማትጽፉት አይገባኝም፤ ስፖርት ገጽ ላይ ሦስት መስመር የጻፈ ሁሉ ስሙ ይወጣል።

እንግዲህ አመሰገንኩ። አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት "የቀን ብርሃን ምንጭ" የሚል ፍንጭ መጣ፤ ሦስት ሳጥን። ፀሐይ። ከመካከለኛው ሳጥን ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ "ዜጋ የሚኮራባት"፤ እሱም ሦስት ሳጥን፣ ሀገር። ፀሐይ የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ሀገር የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው። ሳጥኑ ግን አንድ ነው! እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ሁለቱንም ፊደል እዚያች ሳጥን ውስጥ አጠጋግቼ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጌ ጻፍኳቸው። መልሱ ሲወጣ ፀሐይን በሃሌታው ጽፋችኋታል። ይሁን፣ ተስማማን አልኩ። ከዚያ በሌላ እትም ያቺው ፀሐይ ከሐኪም ጋር ተሻግራ መጣች፤ አሁን ሐመሩ ሐ ተፈለገ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በመጀመሪያ ፊደሏ ከጸሎት ጋር ተገናኘችና ጸሎቱ ጸ ሆነች። አንዲት ፀሐይ በሦስት መልክ! እኔ ልቀየር ወይስ እሷ?

ሞክሼ ሆሄያቱ አንድ ይሁኑ ወይስ ይለያዩ የሚለው ክርክር ከእኔም ከእናንተም በላይ ነው። የሊቃውንቱን ነገር ለሊቃውንቱ። እኔ የምለው ጨዋታ ሕግ ይኑረው ነው። "በዚህ ሰንጠረዥ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው" የሚል አንድ መስመር ከላይ ብትጽፉልን አለቀ። ካልፈለጋችሁ ደግሞ በመዝገበ ቃላቱ ሂዱና ሐመሩን ከሃሌታው ጋር አታሻግሩት። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ መሄድ ነው። እንደዚያ ሲሆን ተሻጋሪው ቃል ምስክርነቱ ይቀራል። ምስክሩ ከዋሸ ደግሞ እኔ ምኑን ይዤ ነው የምፈታው?

የውጭ ቃላት ላይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ቴሌቪዥን ነው ወይስ ቴሌቭዥን? ሁለቱም አምስት ሳጥን ነው። ኮምፒዩተር ነው ወይስ ኮምፒውተር? ሁለቱም ስድስት። ሳጥን ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ሰው ይነቃ ነበር፤ እነዚህ ግን ልክ ገብተው ቁጭ ይላሉ። የሚታወቀው ተሻጋሪው ቃል አልሞላ ብሎ ሲያስቸግር ነው። የቻድን ዋና ከተማ ስትጠይቁ ደግሞ ንጃሜና ከሆነ አራት፣ እንጃሜና ከሆነ አምስት። ይሄኛውን እንኳን ሳጥን ቆጥሬ እደርስበታለሁ። ቋንቋን ቁዋንቁዋ ብሎ አምስት ሳጥን የሰጠው ግን... ስለ እሱ አልናገርም።

ሌላው የግስ ነገር ነው። ፍንጩ "ሄደች" ካለ መልሱ "ተጓዘች" መሆን አለበት። "ተጓዘ" ሊሆን አይችልም። ሴትዮዋ መንገድ ላይ ምን ሆነች? "ሰዎች" ብላችሁ ጠይቃችሁ በነጠላ ስትመልሱም እንደዚሁ። በአማርኛ ማን፣ ስንት፣ ወንድ ይሁን ሴት ሁሉም ግሱ ላይ ተለጥፎ ስለሚመጣ፣ ፍንጩ አንድ ፊደል ቢያዛባ ሰንጠረዡ ሙሉ ማዕዘኑን ይዞ ይወድቃል። አንድ ምሽት ሙሉ የግራውን ማዕዘን ሳፈርስና ስሠራ ያደርኩት በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

የልጅ ልጄ ሲያየኝ አዝኖ "እማማ፣ ጎግል ላድርግልሽ?" ይለኛል። አይሆንም እለዋለሁ። መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል፣ ካርታ ይፈቀዳል፣ ስልክ አይፈቀድም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አጥጋቢ መልስ የለኝም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ተደብቆ ፈልጎልኝ ነበር። ስልኩ ያመጣለት ቃል በሰባት ሳጥን፣ የእኛ ቦታ ስድስት። ከዚያ ወዲህ እሱም ስልኩን ብዙ አያምነውም።

ባለቤቴ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ብቻውን አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1924 ክሮስወርድን የኃጢአት ያህል የጊዜ ብክነት አድርጎ ጽፎበት ነበር። ያው ጋዜጣ በ1942፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን፣ የራሱን ክሮስወርድ ማውጣት ጀመረ። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ከገባች ገና ሁለት ወር አካባቢ ነበር፤ አንባቢው ከክፉ ወሬ መሃል ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር ሳያስፈልገው አልቀረም። ዛሬ ያ ጋዜጣ ያለ ክሮስወርዱ አይታሰብም። ባለቤቴ ግን 1924 ላይ ነው ያለው፤ 1942 እስኪደርስ እየጠበቅኩት ነው።

ስለ ስህተት ካነሳን አይቀር፣ የጨዋታው ስም ራሱ የኅትመት ስህተት ነው። አርተር ዊን የሚባል ሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ወርልድ በተባለ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ሲያወጣ "ወርድ ክሮስ" ብሎት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቃላቱ ተገለባብጠው "ክሮስ ወርድ" ሆኖ ታተመ፤ እንደዚያው ቀረ። እና "ስህተት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው" ብትሉኝ አልከራከርም። ግን የቀጣዩን ታሪክም አብራችሁ ስሙኝ። እዚያው ጋዜጣ ላይ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ማርጋሬት ፔተርብሪጅ የምትባል ወጣት ገጹን እንድትይዝ ተሰጣት። መጀመሪያ ላይ ግድም አልሰጣት። ሰንጠረዡ ለዓይን ካማረ ሳትፈታው ወደ ማተሚያ ትልከው ነበር። አንባቢ በደብዳቤ አስጨነቃት። በመጨረሻ አንዱን ይዛ ራሷ ልትፈታ ቁጭ አለች፤ ያኔ ነው ሰው ለምን እንደሚጮኽ የገባት። ከዚያ ወዲያ ሳትፈትሽ ማሳለፍ ቀረ። ኒውዮርክ ታይምስ በ1942 ክሮስወርድ ሲጀምር የመጀመሪያዋ አዘጋጅ እሷ ነበረች።

የእኔም ልመና ከዚያ አይበልጥም። ሰንጠረዡ ከመታተሙ በፊት ያላዘጋጀው አንድ ሰው ባዶውን ይፍታው። አዘጋጁ ራሱ ቢያየው ዋጋ የለውም፤ መልሱን ስለሚያውቅ ዓይኑ ይሸፍንለታል። በሂሳብም የጻፈው ሰው አይመረምረውም። ከዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ወጣት ለአንድ ሰዓት ብታስቀምጡ ይበቃል። ወጣት ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም፣ እርሳሴንም ይዤ እመጣለሁ።

ሰው ሲጠነቀቅ ምን መሥራት እንደሚችል ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ምርጫ ቀን ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ክሮስወርድ አወጣ። መሃሉ ላይ ያለው ፍንጭ የነገውን ጋዜጣ ዋና ዜና የሚጠይቅ ነበር። መልሱ ክሊንተን ተመረጠ። ሰው ተናደደ፤ ድምፅ ተሰጥቶ ሳያልቅ እንዴት አሸናፊ ታወጃላችሁ ብሎ ወደ ጋዜጣው የደወለም ነበር። ግን እዚያው ሳጥን ላይ ተፎካካሪው ቦብ ዶል ተመረጠ ብሎም ይሞላ ነበር! በእንግሊዝኛው ሁለቱም ስም ሰባት ሰባት ፊደል ነው፤ ወደ ታች የሚሻገሩት ፍንጮች ደግሞ ለሁለቱም እንዲሠሩ ተደርገው ተጽፈዋል። አንዱ ከሃሎዊን በዓል ጋር የሚያያዝ ጥቁር እንስሳ ይጠይቃል። ድመት (CAT) ካልክ የክሊንተን መነሻ ፊደል C ይወጣል፤ የሌሊት ወፍ (BAT) ካልክ የቦብ ዶል B። ጀረማያ ፋረል የሚባል የሒሳብ መምህር ነው የሠራው። ያን የሚያህል ወጥመድ ውስጥ ገብቼ ብወድቅ እንኳን ልቀየም፣ ተነስቼ አጨበጭባለሁ። ሁለት መልስ የነበረው አዘጋጁ ስላሰበበት ነው። የእኛዋ ፀሐይ ሦስት መልክ የያዘችው ግን ማንም ስላላሰበባት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ላክል። መልሱን እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ገልብጣችሁ አትሙት የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ አይቻለሁ። እባካችሁ እንዳትሰሟቸው። ባለቤቴ ተገልብጦም ያነባል። ከወዲያ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ ጋዜጣው ለእሱ ተቃንቶለት፣ "12 ወደ ጎን ደረሽበት?" ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የምሰማውን ነገር ለጠላቴ አልመኝም። በሚቀጥለው እትም ማውጣታችሁ ልክ ነው። ብቻ መልሱን ማውጣት አትርሱ፤ ባለፈው ረስታችሁት የዚያ ሳምንት ቀኝ ማዕዘን አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ባዶውን አለ።

በመጨረሻ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። በዚህ ሳምንት እትም "22 ወደ ታች" የሚል ፍንጭ አለ፤ "በሁለት አገሮች መካከል ያለ መስመር" ይላል፣ አራት ሳጥን። ሰንጠረዡ ላይ ግን 22 ቁጥር የለም። በእጄ ቆጠርኩ፣ በመነጽር አየሁ፣ የልጅ ልጄም አየው። 21 አለ፣ 23 አለ። መልሱ "ድንበር" ነው። የት እንደምጽፈው ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የሂሳብ ሠራተኛ